ቴዎዶር ቦቬሪ፦ ከባሕር ጃርት እንቁላል እስከ ኩላሊት ካንሰር

ከኮሌጃችን ብዙም ሳንርቅ፣ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ አለርት ሆስፒታልና ከጎኑ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ኢንስቲትዩቱ በ1970 ሲቋቋም ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሃንሰን በፊት በአገሩ የነበሩ ትልልቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ ሥጋ ደዌ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እኛም አገር ቢሆን ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ተደብቆ ከሚጠየቀው ነገር አንዱ ይኸው በሽታ እንደነበር ከትልልቆቻችን የሰማነው ነው። ሃንሰን ግን ነገሩ ዘር ሳይሆን ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። ወሬው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም፣ ብዙ ቤተሰብ ካልሠራው ጥፋት ነጻ የሚወጣበት መንገድ ተከፈተ።

አሁን ደግሞ ተራው የካንሰር ይመስላል። የኩላሊት ካንሰር የሚመጣው በጂን ለውጥ ነው ሲባል ሰሚው ቶሎ የሚረዳው በዘር የሚሄድ ነው፣ ቤተሰቡ ውስጥ አለ ብሎ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ብንሆን ከእንግሊዝኛ ስንተረጉም ሁለቱን ነገር እንደ አንድ አድርገን ልንጽፈው እንችላለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ፣ እኔ እንደመሰለኝ፣ ካንሰር የሚነሳው በሴል ውስጥ ካሉት ክሮሞዞሞች መዛባት ነው ብሎ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈውን የቴዎዶር ቦቬሪን ሕይወት መከተል ነው።

የሐኪሙ ልጅ

ቦቬሪ ኦክቶበር 12 ቀን 1862 በደቡብ ጀርመን ባምበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር። ከአራት ወንድ ልጆች ሁለተኛው ሲሆን፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ፒያኖ መጫወትና ሥዕል መሳል ይወድ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዋልተር ወደ ኢንጂነሪንግ አዘነበለና በ1891 ከባልደረባው ከቻርልስ ብራውን ጋር በስዊዘርላንድ ብራውን ቦቬሪ የተባለውን የኤሌክትሪክ ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ በትላልቅ ትራንስፎርመሮችና ሞተሮች ላይ ኤ ቢ ቢ የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው፣ ሁለተኛዋ ቢ የዚህ ቤተሰብ ስም መሆኗን ልብ ይበል።

ቴዎዶር ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ የተማረው ታሪክና ፍልስፍና ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ አናቶሚ ተዛወረ። በ1885 ስለ ነርቭ ክሮች በሠራው ጥናት ዶክትሬቱን አገኘ። ቀጥሎም ለተወሰኑ ዓመታት ሳይቸገር ምርምር ብቻ እንዲሠራ የሚያስችል ስኮላርሺፕ ደረሰውና ሪቻርድ ሄርትቪግ በሚባለው የእንስሳት ሊቅ ላቦራቶሪ ገብቶ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሴልን ማጥናት አልተወም።

የፈረስ ወስፋት

ሰው ትልቅ ነገር የሚያገኘው ሁልጊዜ በትልቅ ነገር ላይ አይደለም። ቦቬሪ የመረጠው የፈረስ ወስፋትን ነበር። ምክንያት ነበረው። ሴል ለሁለት ሲከፈል በውስጡ እንደ አጫጭር ክር ያሉ ነገሮች ይታያሉ፤ ክሮሞዞም የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የእኛ የሰዎች ሴል 46 ስላለው ያን ጊዜ በነበረው መሣሪያ ለይቶ መቁጠር ራስ የሚያዞር ሥራ ነበር። የፈረስ ወስፋት ግን ያለው አራት ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሁለት ብቻ ያለው ዓይነትም አለ። ሁለትና አራት ነገር ደግሞ ማንም ይከታተለዋል።

የዘመኑ ጥያቄ ይሄ ነበር። ሴሉ ተከፍሎ ሲያበቃ ክሮቹ ከዓይን ይጠፋሉ፤ በሚቀጥለው ክፍፍል እንደገና ይታያሉ። ታዲያ ተመልሰው የመጡት እነዚያው ናቸው ወይስ እንደ አዲስ የተሠሩ? ቦቬሪ ከክፍፍል ክፍፍል አቀማመጣቸውን እየተከታተለ በጠፉበት አኳኋን ተመልሰው እንደሚመጡ አሳየ። እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ ማንነት ያለው፣ ከሴል ወደ ሴል ሳይበላሽ መተላለፍ ያለበት ነገር ነው ማለት ነው። በ1888 ደግሞ ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ወገን የሚያከፋፍለውን ትንሽ አካል ሴንትሮዞም ብሎ ሰየመው። ስሙ እስካሁን በባዮሎጂ መጽሐፎቻችን ላይ አለ።

ይሁን እንጂ ጤናው እንደ አእምሮው አልነበረም። በ1890 ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ሳለ በጠና ታመመ፤ አቅሙ ተዳከመ፣ መንፈሱም ታወከ። ተሻለው ሲባል እየተመለሰ ያ ድካም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። እንደዚያም ሆኖ በ1893፣ በ30 ዓመቱ፣ የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤክስሬይን ያገኘው ዊልሄልም ሮንትገን የቅርብ ወዳጁ ነበር። በ1935 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሃንስ ሽፔማንም ዶክትሬቱን የሠራው በእሱ ሥር ነው።

ማርሴላ

በ1896 አንዲት አሜሪካዊት መምህርት ቩርትስቡርግ መጣች። ማርሴላ ኦግሬዲ ትባላለች። በታወቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በባዮሎጂ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ በአገሯ የሴቶች ኮሌጅ ታስተምር ነበር። ያን ጊዜ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት በራቸውን ገና አልከፈቱም ማለት ይቻላል፤ እሷ የገባችው በልዩ ፈቃድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከቦቬሪ ጋር ተጋቡ።

ትዳሩ የሥራ ትዳርም ነበር። ሁለቱ አብረው ጣሊያን አገር ኔፕልስ ወዳለው የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ ይሄዱ ነበር። ካንሰርን ወደሚያስረዳው ሐሳብ ያደረሰውም ሙከራ የተሠራው በዚህ ዘመን ነው።

ሁለት አባት ያለው እንቁላል

የባሕር ጃርት በጀርባው እሾህ የሞላ ድቡልቡል የባሕር እንስሳ ነው። እንቁላሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ውስጡን ማየት ይቻላል። በተለመደው አካሄድ አንድ እንቁላል አንድ የወንድ ዘር ተቀብሎ ለሁለት ይከፈላል። ቦቬሪ ግን አንዱ እንቁላል ሁለት የወንድ ዘር እንዲቀበል አደረገ። እንዲህ ያለው እንቁላል በመጀመሪያው ክፍፍል ለሁለት ሳይሆን በአንዴ ለአራት ይከፈላል። ክሮሞዞሞቹም በሥርዓት መከፋፈላቸው ይቀርና እንደ ዕድላቸው ይበተናሉ።

ሦስት ሙሉ ካርታ አደበላልቃችሁ ለአራት ተጫዋች አደላችሁ እንበል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብዛት ሊቀራረብ ይችላል። ነገር ግን አንዱ ጋ አንድ ዓይነት ካርታ ተደጋግሞ ሲገኝ ሌላው ጋ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። በእንቁላሎቹም የሆነው ይኸው ነው። ቦቬሪ አራቱን ሴሎች ነጣጥሎ ሲያሳድጋቸው አንዱ እዚህ ላይ ሞተ፣ ሌላው ትንሽ ተጉዞ ቆመ፣ ሌላው ተጣሞ አደገ። ሁሉም ያው እንቁላል ሆነው ሳለ ዕጣቸው ተለያየ። ልዩነቱን ያመጣው የክሮሞዞሞቹ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ደመደመ። እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው አይተካውም። በ1902 ይህን አሳተመ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ዋልተር ሳተን የተባለ ወጣት በፌንጣ ሴሎች ላይ ሠርቶ ወደዚሁ ሐሳብ ስለደረሰ፣ የዘር ውርስ የሚተላለፈው በክሮሞዞም ነው የሚለው ትምህርት ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ቦቬሪ ከዚያ አንድ እርምጃ ተራመደ። ክሮሞዞም የጎደለበት ሴል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ግን ባይሞትስ? ከጎደለው ነገር ውስጥ ሴሉን በቃህ፣ አትከፈል የሚለው ክፍል ቢኖርበትስ? እንዲህ ያለ ሴል ጎረቤቶቹን ሳያዳምጥ እየተከፈለ፣ ጉድለቱንም ለልጆቹ እያወረሰ ይቀጥላል። ይህ ደግሞ ካንሰር ነው።

በ1914 ይህን ሐሳብ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ዘርዝሮ አወጣው። ዕጢ የሚነሳው ከአንድ ሴል ነው አለ። የሴሉን ክፍፍል የሚያግዱ ክሮሞዞሞች ሊጠፉ፣ የሚያፋጥኑት ደግሞ ሊበዙ እንደሚችሉ ጻፈ። ሴሉን ወደዚህ የሚገፋው መርዝ፣ ጨረር ወይም ሌላ ከውጭ የሚመጣ ጉዳት ሊሆን እንደሚችልም ገመተ። እውነቱን ለመናገር በካንሰር ሴሎች ውስጥ የተዛባ ክፍፍል መኖሩን ከእሱ በፊት በ1890 ዳቪድ ፎን ሃንዘማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አይቶ ጽፏል። ለምን ካንሰር እንደሚያመጣ ግን በዚህ ስፋት ያስረዳው ቦቬሪ ነው።

የዘመኑ የካንሰር ሐኪሞች ብዙም ቁም ነገር አልሰጡትም። የባሕር ጃርት አጥኚ ስለ ሰው ዕጢ ምን አገባው የሚሉ ነበሩ። እሱም ቢሆን በዕጢ ላይ ሙከራ አለመሥራቱን አልደበቀም፤ ሐሳቡን ያቀረበው ሌሎች እንዲፈትኑት ነበር። ከዚያ በፊት በርሊን ውስጥ ሊከፈት የነበረውን ትልቅ የባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲመራ ተጠይቆ ተመራማሪዎችን እስከ መምረጥ ከደረሰ በኋላ በ1913 ጤናው አልፈቀደለትምና ተወው። ኦክቶበር 15 ቀን 1915፣ 53ኛ ዓመቱን በያዘ በሦስተኛው ቀን፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት አረፈ።

ኩላሊቱ ላይ የተገኘው

ቦቬሪ ሲሞት የሰው ልጅ ስንት ክሮሞዞም እንዳለው እንኳ በትክክል አይታወቅም ነበር። 46 መሆኑ የተረጋገጠው በ1956 ነው። በ1960 በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሁልጊዜ የሚገኝ የተበላሸ ክሮሞዞም ታየ። ግምቱ መሬት መያዝ የጀመረው ያኔ ነው። ክሮሞዞም ሲጎድል ካንሰር ይመጣል የሚለውን ነጥብ ግን እንደ ኩላሊት ካንሰር ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ብዙ የለም።

ነገሩ የተጀመረው በ1979 ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ አሥር ሰዎች በኩላሊት ካንሰር ተይዘው ተገኙ። ደማቸው ሲመረመር የ3ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ከ8ኛው ጋር ቦታ ተለዋውጧል። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን 3ኛው ክሮሞዞም ላይ ተከሉ። በ1993 ደግሞ በዚሁ ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ያለው ቪ ኤች ኤል የተባለው ጂን ተለየ። የተሰየመው ፎን ሂፐል በተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪምና ሊንዳው በተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ስም ነው። ሁለቱ የገለጹት በሽታ በቤተሰብ ሲተላለፍ ዓይን፣ አንጎልና ኩላሊት ላይ ዕጢ ያወጣል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የቤተሰብ ይመስላል አይደል? የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከኩላሊት ካንሰር ከአራቱ ሦስቱ ያህል ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ነው። ተመራማሪዎች በቤተሰባቸው አንድም ታማሚ የሌለባቸውን ሰዎች ዕጢ ሲያዩ፣ ከአሥሩ ዘጠኝ በሚሆኑት የ3ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ጎድሎ አገኙት፤ በአብዛኞቹም የቀረው ቪ ኤች ኤል ጂን ተበላሽቷል። የእነዚያው ሰዎች ደም ሲመረመር ግን ጂኑ ጤነኛ ነው። ጉድለቱ ያለው ዕጢው ውስጥ ብቻ ነው። ከእናት ከአባት አልመጣም፤ ወደ ልጅም አይሄድም።

ቪ ኤች ኤል ምን ይሠራል? ሴሉ በቂ ኦክስጅን ሲያገኝ የኦክስጅን እጥረት ምልክት የሚሰጠውን ፕሮቲን እንዲወገድ ያደርጋል። ጂኑ ሲጠፋ ምልክቱ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ቤቱ ያለው ታንከር እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ውሃ ጠፋ እያለ ጄሪካን ይዞ እንደሚሰለፍ ሰው ነው። ሴሉ ያልጎደለውን ደም ይጠራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ እሱ ይበቅላሉ፣ ዕጢው ይመገባል። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ በ2019 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። በ2021 ደግሞ ይህንኑ የሐሰት ጩኸት የሚዘጋ ቤልዙቲፋን የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ መጀመሪያ የተፈቀደውም ቪ ኤች ኤልን ከወላጅ ለወረሱ ታማሚዎች ነው።

ዕጢ ከአንድ ሴል ይነሳል የሚለውም ቢሆን ተፈትኗል። በ2012 የለንደን ተመራማሪዎች ከአንድ የኩላሊት ዕጢ የተለያዩ ቦታዎች ናሙና ወስደው ሲያነጻጽሩ፣ ካገኟቸው የጂን ለውጦች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በሁሉም ቦታ አልነበሩም። እንደ ዋርካ ነው፤ ግንዱ አንድ፣ ቅርንጫፉ ብዙ። የ3ኛው ክሮሞዞም መጉደል ያለው ግንዱ ላይ ነው። በ2018 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ይህ የመጀመሪያ ጉድለት በብዙ ታማሚዎች የደረሰው በልጅነት ወይም በወጣትነት፣ በሽታው ከመታወቁ ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት፣ በጥቂት ሴሎች ውስጥ ነው። ሰውየው 60 ዓመት ሲሞላው ሐኪም የሚያየው ዕጢ ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ነው ማለት ነው። ለበሽታው የሚያጋልጡት በደንብ የታወቁ ነገሮችም ሲጋራ ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ናቸው።

ሚስቱና ልጁ

ማርሴላ ከባሏ ሞት በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ አሜሪካ ተመልሳ ኮኔክቲከት ውስጥ አልበርተስ ማግነስ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ የሳይንስ ትምህርት ክፍሉን አቋቋመች። በ1929 የባሏን የካንሰር መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ አሳተመች። እሷ ባትተረጉመው ኖሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሐሳቡን ለማወቅ ከዚያም በላይ በቆየ ነበር። ያረፈችው በ1950 ነው።

አንድ ልጃቸው ማርግሬት በ1900 ተወለደች። ይህቺ የእኛው ሙያ ሰው ነች። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በታላላቅ የጀርመን ጋዜጦች ላይ ስትጽፍ፣ ከስቶክሆልም፣ ከኒውዮርክና ከሊዝበን ስትዘግብ ኖራ በ1975 አረፈች። በናዚ ዘመን መጻፏን አለማቆሟ እስካሁን ያከራክራል። አባቷ አንድ ሴል በክፍፍል ጊዜ የጎደለበትን ነገር ሲከታተል ኖረ። የእሷ ሕይወት ደግሞ ጋዜጠኛ በክፉ ጊዜ የሚጽፈውና የሚተወው ነገር ከሞት በኋላም እንደሚያስጠይቅ ለትምህርት ክፍላችን ጥሩ መወያያ ይሆናል።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

የአማርኛው ዘር የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። የእህልም ነው፣ የትውልድም ነው፣ የወገንም ነው። ስለዚህ የካንሰርን ዜና ስንጽፍ ጂን የሚለውን አይተን ወዲያው በዘር የሚመጣ ብለን ብናስቀምጠው፣ አንባቢው የሚያየው የአንዲት ሴልን ጉድለት ሳይሆን የአንድን ቤተሰብ ስም ነው። ለጋብቻ የሚጠያየቅ ቤተሰብ ይሸሻል፤ የታመመውም በሽታውን ይደብቃል። የደበቀ ሰው ደግሞ ሐኪም ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዘነበወርቅ አካባቢ ይህን የመሰለ ስም ሰዎችን ምን እንዳደረጋቸው ከእኛ በላይ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም።

በሌላ በኩል ከወላጅ የሚወረስ የኩላሊት ካንሰር የለም ብሎ መጻፍም ልክ አይሆንም። አለ፤ ከመቶው ከአሥር በታች እንደሚሆን ይገመታል። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ ሰው ቀደም ብሎ ቢመረመር ሕይወቱ ሊተርፍ ስለሚችል፣ መረጃው ለእሱ ነውር ሳይሆን ጥቅም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይተን እንጻፍ። አንዱን በዕጢው ሴሎች ውስጥ የደረሰ የጂን ለውጥ፣ ሌላውን ከወላጅ የተወረሰ የጂን ለውጥ ብንላቸው ማንም ይረዳናል። ዜናው ላይ የሚጨምርብን ሦስት አራት ቃል ነው። ቦቬሪ ያንኑ ልዩነት ለማየት ግማሽ ዕድሜውን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ አሳልፏል፤ እኛ ለሦስት አራት ቃል ቦታ አጣን ብንል የሚሰማን አይኖርም።